ዋይፋዩን ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች

ፊርደውስ ጀይሉ የኔትወርክን ትምህርት የጀመረችው ከሚሴ መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ ያኔ ግን ትምህርት መሆኑን አላወቀችም። አባቷ ጀይሉ ተራ አስከባሪ ነበር። ልጅ ሳለች ምሳውን በሳህን ቋጥራ ትወስድለትና፣ ሳህኑን እስኪመልስላት ድረስ ጥላ ስር ተቀምጣ ሥራውን ታይ ነበር። ሰው ከነጆንያው፣ ከነዶሮው፣ ከነልጁ ይመጣል። ጀይሉ ማንነቱን አይጠይቅም፤ በጆንያው ውስጥ ያለውም አያገባውም። እየጎረሰ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ወዴት ነህ?»

ደሴ ያለውን ወደ ደሴው መኪና፣ ሰንበቴ ያለውን ወደ ሰንበቴው ያሳፍረዋል። ባቲ ያለውን ደግሞ፣ «ኮምቦልቻ ውረድ፣ ከዚያ ያሉት ያሳፍሩሃል» ይለዋል። ጀይሉ ባቲን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የኮምቦልቻው ተራ አስከባሪ መንገዱን እንደሚያውቀው ማወቁ ግን ይበቃው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ፊርደውስ ኮሌጅ ገባች። አንድ ቀን መምህሩ ራውተር የሚባለውን ዕቃ ሰሌዳው ላይ ስሎ፣ «ይህ ዕቃ በመልእክቱ ውስጥ ያለውን አያይም። የመድረሻውን አድራሻ ብቻ አይቶ ወደሚቀጥለው ራውተር ያሳልፈዋል። መንገዱን ሁሉ ማወቅ የለበትም፤ ቀጥሎ ያለውን ማወቅ ይበቃዋል» ሲል፣ ፊርደውስ ሳታስበው ሳቀች።

«ምን አሳቀሽ?» አላት መምህሩ።

«ይኼማ አባዬ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማታ ለአባቷ ስትነግረው እሱ አልሳቀም። ጢሙን እያሻሸ አሰበና፣

«ዕቃው ድምፁ አይዘጋም? ቀን ሙሉ ሲጮህ ውሎ?» አላት።

«አይጮህም አባዬ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ።»

«ታድሎ!» አለ ጀይሉ።

ጀይሉ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ አላህ ይርሐመው። እናቷ አስያ እስከዛሬ የምታበስለው ሦስት ሰው የሚያጠግብ ነው። ፊርደውስም ተዪ አትላትም። የተረፈውን ጠዋት አሙቀው ይበሉታል።

ፊርደውስ በዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አላት። ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ቢሮና መደብር ውስጥ የኔትወርክ ገመድ ትዘረጋለች። መጀመሪያ አካባቢ፣ መሰላል ተሸክማ ኮርኒስ ውስጥ የምትገባ ሴት ለከሚሴ ሰው ወሬ ሆና ነበር። አሁን ወሬነቷ አልቆ፣ «ፊርደውስን ጥሯት» ብቻ ሆኗል። ችግሩ የከተማው ሥራ የሚያቋርጥ መሆኑ ነው። ሥራ ሲጠፋ ኮምቦልቻና ደሴ ትሄዳለች፤ ሄዳም ትሰነብታለች። ያን ጊዜ አስያ ለሦስት ሰው አብስላ ብቻዋን ትቀመጣለች።

ስለዚህ ዘንድሮ የከሚሴው ኮሌጅ የኔትወርክ መምህር እንደሚፈልግ ስትሰማ ልቧ ዘለለ። የኮሌጁ የክፍል ኃላፊ ሙሐመድዘይን ሱቋ ድረስ መጥቶ ነገራት።

«ሥራሽን እኛ እናውቀዋለን። ግን የብቃት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ፈተናው ዓርብ ከሰዓት ነው፤ እሱን ካለፍሽ ቦታው ያንቺ ነው። ካላለፍሽ ግን ሌላ ሰው ከሌላ ከተማ ይመጣል፤ ሰልጣኞቹን ዓመቱን ሙሉ ያለ መምህር ማስቀመጥ አልችልም።»

ፈተናው በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። ተፈታኙ ጸጥ ባለ ክፍል ብቻውን ተቀምጦ፣ በኮምፒውተሩ ካሜራ እየታየ ይሠራል። መስመሩ ለአፍታ ቢንገራገጭ ይታለፋል፤ ከተቋረጠ ግን ፈተናው ይዘጋል፤ የሚከፈተውም በሚቀጥለው ዓመት ነው። የኮሌጁ ቤተ ሙከራ ዓርብ ከሰዓት በሰልጣኝ ይሞላል። ሱቋ የከባድ መኪና ጡሩምባ የማይለየው ነው። የስልክ ዳታ ደግሞ ከኮረብታው ስር ላለው ሰፈራቸው የሚመጣው ሲያሰኘው ብቻ ነው። የቀራት የቤቷ ዋይፋይ ነበር።

ዋይፋዩን ያስገባችው አባቷ ታሞ በተኛበት ጊዜ፣ አጠገቡ ሆና እንድትሠራ ብላ ነው። ሰኞ ዕለት የመለማመጃ ፈተና ከፍታ ተቀመጠች። ገና መጀመሪያው ላይ ገጹ ቆመ። እንደገና ከፈተችው፤ እንደገና ቆመ። ግራ ገብቷት የራውተሩን ገጽ ከፈተችና የተገናኙትን ስልኮች ዝርዝር አየች። ራውተር ወደ ቤት ለገባ ስልክ ሁሉ እንደ ቤት ቁጥር ያለ የራሱን አድራሻ ይሰጠዋል፤ ያለ አድራሻ የሚላክም የሚደርስም ነገር የለም። ፊርደውስ የራሷንና የእናቷን ስልክ፣ ግፋ ቢል የሁለት ሦስት ጎረቤት አድራሻ ነበር የጠበቀችው። ዝርዝሩ ወደ ታች ሄደ፣ ሄደ፣ አላልቅ አለ። አንዱ ስልክ «የኔ ቆንጆ» የሚል ስም ነበረው።

«እማ!» ብላ ተጣራች።

አስያ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች መጣች።

«ፓስወርዱን ለስንት ሰው ሰጠሽ?»

«ለጠየቀኝ ነዋ!»

«ላልጠየቀሽስ?»

«ላልጠየቀኝማ፣ እኔ ጠየቅሁት።»

ፊርደውስ ግንባሯን ያዘች።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አለች አስያ። «እሳት እኮ ነው። ጎረቤት መጥቶ ፍም ቢጭር ምድጃሽ ይጎድላል? እሳት የሚከለክል ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እሳት አይደለም እማ።»

«እና ምንድን ነው?»

ፊርደውስ ከሌላ በኩል ልትመጣ ሞከረች።

«ስሚኝ። በድሩ ኳስ በስልኩ ሲያይ ኳሱ እንዳለ አይመጣለትም። በጥቃቅን ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። እያንዳንዷ ቁራጭ ከየት እንደተነሳችና ወዴት እንደምትሄድ በላይዋ ተጽፎባታል። ከጨፋ ሮቢት ብዙ ኩንታል ማሽላ ብታስመጪ በአንድ መኪና አይጫንም አይደል? በየመኪናው ይበታተንና፣ እዚህ ሲደርስ ይሰበሰባል።»

«አንዱ መኪና መንገድ ላይ ቢቀርስ?»

«ደረሰኝ የሚል መልስ ካልመጣ ላኪው ያችኑ ቁራጭ መልሶ ይልካታል።»

«ጎበዝ ላኪ ነው» አለች አስያ። «እና ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?»

«የእኛ በር አንድ ነው እማ። የሰፈሩ ማሽላ ሁሉ በእሷ ልግባ ካለ የኔ ፈተና በየት ይለፍ?»

«ሰልፍ ይያዛ!»

ፊርደውስ ፓስወርዱን መቀየር እንደሚሻል ተናገረች። ያን ጊዜ የአስያ ፊት ተለወጠ። ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም።

«የአባትሽን ቃሬዛ የተሸከሙት እኮ እነሱ ናቸው» አለች። «አልቅሰን ሳንጨርስ ሌሊት አብረውን ያደሩ። በየቤታቸው ሄደሽ፣ በቃችሁ ልትያቸው ነው?»

ፊርደውስ ኮምፒውተሯን ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ግን፣ እናቷ ገበያ ስትወጣ ጠብቃ ፓስወርዱን ቀየረችው። የእናቷን ስልክ ከሰፈሩ ጋር ጨምራ ማውጣቱ አሳዘናት፤ ለአስያ መስጠት ግን ለሰፈር መስጠት ነው። በድሩ፣ አጥር የሚለያቸው ባለ ባጃጅ፣ ወዲያው በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ያ ፊርደውስ! መሐንዲሷ! ኔቱ ምን ሆነ?»

«ተበላሽቷል» አለች፣ ዓይኖቿን ከእሱ አሽሽታ። «ከፈተናዬ በኋላ እጠግነዋለሁ።»

«ፈተና አለብሽ እንዴ?»

«ዓርብ።»

«ፈተና ደርሶብሽ ነው ደግሞ እሱ የተበላሸው? አላህን ፍራ አይባል ነገር፣ ዕቃ ነው!» አለና አንገቱ ከአጥሩ ላይ ጠፋ።

ፊርደውስ እፎይ አለች። ያላወቀችው፣ ወይም እያወቀች የዘነጋችው ነገር፣ በከሚሴ አንድ ቤት ችግር እንደደረሰበት ከተሰማ ዝም ተብሎ እንደማይታለፍ ነው። ሰው ሲታመም ይጠየቃል። ላም ስትሞት ይጠየቃል። ዋይፋይ ሲበላሽ እንዴት እንደሚደረግ እስካሁን የተደነገገ ነገር ስላልነበረ፣ ሰፈሩ የሚያውቀውን አደረገ።

መጀመሪያ የመጣችው ዙቤይዳ ናት። የፊት ለፊት ጎረቤታቸው ናት፤ ሀዲጃ የምትባል ልጅ አለቻት፣ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ። ዙቤይዳ ወተት በጆግ ይዛ ገባች። ፊርደውስ መጽሐፏን ዘግታ ተነሳች።

«አይዞሽ ልጄ። እንዴት አደረገው?» አለች ዙቤይዳ፣ ራውተሩን ከሩቅ እያየች።

«ድንገት ነው እትዬ ዙቤይዳ።»

«የሰው ዓይን ነው የበላው። ያ ሁሉ አረንጓዴ መብራት ሲያበራ ማን ዝም ብሎ ያልፈዋል? ጨርቅ ነገር አልብሱት ብዬ ለአስያ ነግሬያት ነበር።»

«ነግረሽኛል» አለች አስያ በጸጸት። «እኔ ነኝ ችላ ያልኩት።»

ከእሷ ቀጥሎ ሌሎች መጡ። አስያ ስለ ፓስወርዱ የምታውቀው ነገር ስላልነበር ሁሉንም በሙሉ ልብ ተቀበለች፤ አስቀመጠች፤ ታሪኩንም ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችለት። በድሩ ተመልሶ መጥቶ፣ «በባጃጅ ኮምቦልቻ ድረስ ልውሰደው፣ አንድ ጎበዝ አለ» ብሎ ሊነቅለው ሲል ፊርደውስ እጁን በግድ ያዘችው። ለመሰናበት የተነሳ ሁሉ በር ላይ ቆሞ፣ «በይ እንግዲህ በርትተሽ አጥኚ!» ይላታል። ገና መጽሐፉን ስትከፍት ሌላ ጠያቂ ይገባል። መስመሩን ላድን ብላ ጥናቷን አጣች።

ሐሙስ ከሰዓት ሐጂ አብዱሰላም አንድ እቅፍ ጥንቅሽ በባጃጅ አስጭነው መጡ። የጀይሉ የልብ ወዳጅ ነበሩ። በድሩ ጥንቅሹን ተሸክሞ ከኋላቸው ገባ። ዙቤይዳም ተመልሳ መጥታ ከአስያ ጎን ተቀምጣለች።

«አካም ጅርታ ኢንተላ ኮ?» አሉ ሐጂ። እንደምን ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«አልሐምዱሊላህ ሐጂ። ምነው አንቱ ደከሙ?»

«ምን ድካም አለ? ጥንቅሹ ለአንቺ ነው። ለዕቃው ምን እንደሚመጣ ስላላወቅሁ።»

ሁሉም ሳቀ። ጥንቅሹ እየተላጠ፣ ልጣጩ እየተከመረ ወሬው ቀጠለ። በመሃል አስያ ወደ ዙቤይዳ ዞረች።

«ነገ ዓርብ ነው። ለሀዲጃስ እንዴት ልትሆኚ ነው?»

«ምን እሆናለሁ?» አለች ዙቤይዳ። «አሠሪዎቿ የሚለቋት ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በዋይፋዩ ፊቷን አይ ነበር፤ አሁን በተራ ስልክ ትደውላለች። ድምፅ እንሰማለን፤ ድምፅም ጥሩ ነው።» ጥንቅሹን ልጣጩ ላይ አስቀመጠች። «ክሳቷ በድምፅ አይታይም እንጂ።»

ፊርደውስ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ አጋደመች።

«አልተበላሸም» አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ዋይፋዩ ደህና ነው። ፓስወርዱን ቀይሬው ነው። ለፈተናው መስመሩ አልበቃኝ አለ። ተዉልኝ ብዬ ልጠይቃችሁ አፍሬ ነው።»

መጀመሪያ የተናገረችው አስያ ናት።

«ያ ረቢ! ይኼን ሁሉ ሰው ለጤነኛ ዕቃ ነው ያስተናገድኩት?»

በድሩ ሳቁ አመለጠው። «እኔ ደግሞ ኔቱ ከተነሳ ብዬ ስለት ተስዬ ነበር!»

«ስለትህን አስገባ» አሉት ሐጂ፣ «ተነስቷል።»

ዙቤይዳ አልሳቀችም። አልተቆጣችምም። «ልጄ» አለች፣ «ተዉ ብትይን አንተውም ነበር? ይኼን ያህል ጊዜ አብረን ኖረን እንዴት አታውቂንም?»

ፊርደውስ አንገቷን ደፋች። ከቁጣ ይልቅ ይህ ከበዳት።

ሐጂ አብዱሰላም ጥንቅሹን አስቀመጡና አፋቸውን ጠረጉ። ከተማ ከመግባታቸው በፊት ጨፋ ላይ የውሃ አባት ነበሩ። ከቦርከና ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ማሳውን ማን መቼ እንደሚያጠጣ ተራ የሚያወጡት፣ በውሃ የተጣላውንም የሚያስታርቁት እሳቸው ነበሩ።

«አልበቃኝ አለ ነው ያልሽው?» ብለው ጠየቁ። «ብዙ ሰው ሲጠቀም ያንሳል?»

«አዎ ሐጂ። የመስመሩ ስፋት የተወሰነ ነው። ከላይ ያለው ብዙ ከወሰደ ከታች ያለው ይደርቅበታል።»

«አሃ!» ሐጂ ጉልበታቸውን መቱ። «አስያ፣ አንቺ እሳት ነው ብለሽ ነበር ያስገባሽን! ውሃ ነው እንጂ!»

«እኔ ምን አውቄ?» አለች አስያ።

«እኛም እሳት ነው ብለን ነው እንጂ፣ ውሃ መሆኑን ብናውቅ ማን ያለ ተራው ይጠጣል? ይኼ ልጅ» ብለው ወደ በድሩ ጠቆሙ፣ «ኳስ እያየ የሰው ማሳ ሲያደርቅ ከርሟል ማለት ነው።»

«ኧረ ሐጂ! እኔ ብቻ ነኝ?»

«ፊርደውስ፣ የውሃ አባት ቦይ አይደፍንም። ተራ ነው የሚያወጣ። ዕቃሽ ተራ ማስያዝ ይችላል?»

ይችላል። ለእያንዳንዱ ስልክ ሰዓት መመደብም፣ ከዚህ በላይ አትውሰድ ብሎ መወሰንም ይችላል። ፊርደውስ ይህን ድሮም ታውቃለች፤ ለመደብሮችና ለቢሮዎች ስታስተካክል ኖራለች። ራውተሩ ተራ ማስያዝ እንደሚችል ታውቅ ነበር፤ ጎረቤቶቿን ተራ ያዙ ማለት እንደሚቻል ነው ያላሰበችው።

ኮምፒውተሯን አምጥታ እዚያው ሰዎቹ መሃል ተቀመጠች። ሐጂ በቀኟ ሆኑ። ሰዎች በአጥርና በበር ተጠራሩ። የምሽቱ ሰዓት ለትምህርት ቤት ልጆች ተባለ። ጠዋቱ ለአስያና ለጓደኞቿ መንዙማ ሆነ። በድሩ ኳሱን ለማስከበር እስከ መማል ደረሰ።

«ቅዳሜና እሁድ» አሉ ሐጂ።

«ረቡዕስ? ትልልቆቹ የሚጫወቱት ረቡዕ ነው!»

«ረቡዕ ትልልቆቹ ውጤት ይነግሩሃል።»

ፊርደውስ ስልኮቹን አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራች ባለቤታቸውን ትጠይቃለች፤ ቀስ በቀስ ዝርዝሩ ሁሉ ጌታውን አገኘ። አንድ ብቻ ቀረ።

«የኔ ቆንጆ የሚለው የማን ነው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሐጂ አብዱሰላም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የልጅ ልጄ ናት የሰየመችው» አሉ። «ማጥፋቱን አላውቅበትም።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አስያ ዓይኗን እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። ፊርደውስ እናቷ እንዲህ ስትስቅ ካየች መቆየቷን ልብ አለች።

በመጨረሻም ተወሰነ። ነገ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ፈተናው እስኪያልቅ፣ ውሃው ሁሉ የፊርደውስ ነው። «ቶሌ!» አለ ሁሉም ሰው፤ እሺ ማለት ነው። ዙቤይዳም እንደ ሌላው ቶሌ ብላ፣ ባዶ ጆጓን ይዛ ወጣች።

ፊርደውስ ነገሩ የገባት ተራውን ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ነው። ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ዙቤይዳ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ፊርደውስ ወደ ዙቤይዳ ቤት ገባች።

«እትዬ ዙቤይዳ፣ ለስልክዎ አንድ ቀጭን ቦይ ትቼልዎታለሁ። የሀዲጃ ምስል ይመጣል።»

«አይሆንም! ዛሬ ያንቺ ቀን ነው። የመጣ ዓርብ አያታለሁ።»

«ለክቼዋለሁ። ያንቱ ድርሻ ተቆርጦ ተለይቷል፤ ከእሱ በላይ መውሰድ አይችልም። የኔን አይነካም።»

«ቢነካስ?»

«አይነካም አልኩ እኮ» አለች ፊርደውስ። ልቧ ግን ሙሉ አልነበረም። በወረቀት ላይ የማይነካ ነገር፣ መብራቱ ሲወዛወዝና መስመሩ ሲደክም ሊነካ ይችላል። ዙቤይዳ ፊቷን መርምራ አየቻት። ከዚያ ግንባሯን ሳመቻት። «ገለቶሚ» አለች፤ ከዚህ በላይ ምስጋና አልጨመረችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ፊርደውስ ቢስሚላህ ብላ በሯን ዘጋች።

ከውጭ ያለው ሰፈር ደግሞ የራሱን ዝግጅት አድርጓል። የኢንተርኔት ፈተና ነው ሲባል፣ ጫጫታ መስመሩን እንዳያደናቅፈው ተብሎ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራ ጀመር። አስያ ዶሮዎቹን ወደ ጓሮ አባረረች። በድሩ ከመናኸሪያ ሲመለስ ገና ከመታጠፊያው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ባጃጁን እየገፋ ነው ሰፈር የገባው። ፊርደውስ ይህን አላወቀችም። ጸጥታው ግን እንግዳ ሆኖባት ነበር።

ጥያቄዎቹ መጡ። የአድራሻ ጥያቄ፣ የገመድ ጥያቄ፣ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ የሚሄድ መልእክት በየትኛው በኩል ያልፋል የሚል ጥያቄ። ይህን የመጨረሻውን ስታነብ ከንፈሯ ፈገግ አለ። ጣቷ መልሱ ላይ ወረደ።

ወደ መጨረሻው ገደማ ገጹ ቀጥ አለ።

ጠብቂ የምትል ክብ ነገር በገጹ መሃል ትዞር ጀመር። ፊርደውስ እጇን አነሳች። ክቧ ትዞራለች። አንድ ነገር መሥራት ይቻላል፤ የራውተሩን ገጽ በስልኳ ከፍቶ የዙቤይዳን ስልክ መቁረጥ። አንድ ጊዜ መንካት ነው። ዙቤይዳም ብትሆን አትቀየማትም፤ ተቆረጠ ብላ ነው የምታልፈው።

ፊርደውስ ስልኳን አላነሳችም። በዚህ ሰዓት ዙቤይዳ የልጇን ጉንጭ እያየች ነው። ለክቼዋለሁ ብያለሁ አለች በልቧ፤ ለክቼዋለሁ። መዘግየቱ ከእሷ አይደለም። የጠፋው ቁራጭ ይላካል፤ ደረሰ እስኪባል ይላካል። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀች። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፤ ጠፋች። ቀጣዩ ጥያቄ መጣ።

የመጨረሻውን መልስ ስትልክ ላቧ በጀርባዋ ወርዶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ውጤቱ ገጹ ላይ ወጣ። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

በሩን ስትከፍት፣ ግቢው ሰው ሞልቶ አንድ ድምፅ የለም። ሐጂ አብዱሰላም በርጩማ ላይ፣ በድሩ አጥሩ ስር፣ አስያ ደጃፉ ላይ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«እማ፣ ስልክሽ ምን ይሠራል?»

«ዝም እንዲሉ ልነግራቸው ብዬ ነው» አለች አስያ በሹክሹክታ። «ትናንት ተራ ስታስይዢ የኔን ስልክ ስላስገባሽው፣ ውስጥ መሆንሽን አምነው ጸጥ እንዲሉ የተዘጋውን በር ቪዲዮ አነሳሁና ለሁሉም ላክሁላቸው።»

ፊርደውስ አፏን ከፍታ ቀረች። የጎረቤቱን ሁሉ ቦይ አስተካክላ፣ የራሷን እናት ቦይ ክፍት ትታው ነበር።

«ደረሳቸው?» አለች በመጨረሻ።

«በድሩን ዘግይቶ ደረሰው።»

«እኔንም ጥያቄው ዘግይቶ ደረሰኝ» አለች ፊርደውስ፤ ሳቋ መጣ።

«ፈተናውስ?» አሉ ሐጂ፤ እሳቸውም በሹክሹክታ።

ፊርደውስ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያንሾካሹክ፣ ምክንያቱ ባይገባትም እሷም አብራ አንሾካሾከች።

«አልፌያለሁ።»

«ምን አለች?» አለ በድሩ ከአጥሩ ስር።

«አልፋለች!» ብላ አስያ ጮኸች፤ እልልታዋን ለቀቀችው። ግቢው ተቀበላት። ዶሮዎቹ ከጓሮ ተንጫጩ፤ በድሩ ሮጦ የባጃጁን ጡሩምባ ያስጮህ ጀመር። ሐጂ አብዱሰላም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም።

ዙቤይዳ ከፊት ለፊት በር መንገዱን አቋርጣ መጣች። ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች፤ በውስጡ የሀዲጃ ፊት አለ፣ በሻሽ ተሸፍኖ፣ እየሳቀ። ዙቤይዳ ስልኩን ወደ ፊርደውስ፣ ወደ አስያ፣ ወደ ሰዉ ሁሉ ታዞራለች። የግቢው እልልታ አብቅቶ ሰው ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ከስልኩ ውስጥ የሀዲጃ እልልታ ብቻውን ወጣ።

«ይቺ ደግሞ ዘገየች!» አለ በድሩ።

«መንገዱ ሩቅ ነው» አለች ዙቤይዳ፤ ስልኩንም ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረገችው።